ያልተጠየቀ ወረቀት

ሃያ ሁለት ዓመት በአንድ የአገር ቤት ዩኒቨርሲቲ ቃለ ጉባኤ ስይዝና መዝገብ ስጠብቅ የኖርሁ ሰው ነኝና፣ የተገኙትን ሳልዘረዝር ወደ ጉዳዩ መግባት አይሆንልኝም። በዚያ የጥቅምት ቅዳሜ ጠዋት፣ በሲያትል መናፈሻ ውስጥ በተተከለው ነጭ ድንኳን ሥር የተገኘነው ስምንት ነበርን። የኮሌጁ ሯጭ የነበረችው የእህቴ ልጅ፤ አሠልጣኟ፤ ሯጮቹ ለመወዳደር የትምህርት ብቁነት እንዳላቸው የምትቆጣጠር የኮሌጁ ሠራተኛ፤ ባለቤቴ፤ ሲታክ አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ የሚነዳው ጎረቤታችን፤ ሬኒየር ቫሊ ያለውን ሱቋን ዘግታ የመጣች ባለሱቅ፤ ከተራራው ማዶ ካለው ኮሌጅ የመጣች አንዲት ረጅም ሯጭ፤ እና እኔ። ረጅሟ ሯጭ ከእኛ ጋር የቆመችው ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ከዝርዝሩ ብተዋት ግን ያን ቀን የተደረገባትን ሁለተኛ ጊዜ ማድረግ ይሆንብኛል።

ዕለቱ የኮንፈረንሱ የአገር አቋራጭ ውድድር ነበር። ኮንፈረንስ የሚሉት፣ በአንድ አካባቢ ያሉ ኮሌጆች በየዓመቱ እርስ በርስ የሚወዳደሩበትንና ሕግ የሚያወጡበትን ማኅበር ነው። በዚያ ማኅበር ውስጥ የእኛ የሲያትሉ ኮሌጅና ከተራራው ማዶ፣ በስንዴው አገር ያለው ኮሌጅ ከማንም ትዝታ በፊት የጀመረ ባላንጣነት ነበራቸው። የሚፎካከሩበት ሽልማት አንድ የዛገ የላም ቃጭል ነው። ያሸነፈው ይወስደዋል፤ የተሸነፈው ዓመቱን ሙሉ ድምፁ ጆሮው ላይ ሲያቃጭል ይከርማል።

እኛ ስደተኞቹ ይህን ጠብ የወረስነው በሚያስደንቅ ፍጥነት ነው። በአገር ጉዳይ ሦስት ሰዎች አንድ ጠረጴዛ ከብበን ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ተኳርፈን እንነሣ ነበር። ከተራራው ማዶ ያለውን ኮሌጅ በመጥላት ግን የቤተ ክርስቲያኑም የመስጊዱም ሰው፣ የሰሜኑም የደቡቡም አንድ ሆነ። ማናችንም ያልቆሰልንበት፣ የማንም ወንድም ያልሞተበት ጠብ ስለ ነበር ይመስለኛል። እንዲህ ያለ ንጹሕ ጥላቻ ከዚያ በፊት አግኝተን አናውቅም።

ካፊያ ነበር፤ ሣሩ ረግረግ ሆኗል። የእህቴ ልጅ የውድድር ቁጥሯን በአራት መርፌ ቁልፍ ደረቷ ላይ እየሰካች፣ በአንድ እግሯ ትዘላለች። ታክሲ ነጂው ትከሻዬን መታ አደረገኝ።

«መምህር፣ ዛሬ እንኳ ድምፅዎን ያሰሙን እንጂ! እርስዎ ሲደግፉ እኮ ቀብር ላይ የቆሙ ነው የሚመስሉት።»

«ተወው፤ እሱ በልቡ ነው የሚጮኸው» አለች ባለቤቴ።

«በልብ የሚጮኽ ደጋፊ ለሯጭ ምን ይሠራላታል? እኔ ያን ያህል ርቄ ፓርክ አድርጌ በዝናብ የመጣሁት ልጮኽ ነው።»

ባለሱቋ የልጅቱን ኮሌታ እያስተካከለች፣ «ያቺን ረጅሟን ዛሬ ከኋላሽ አስቀሪልኝ» አለቻት። «ሱቄን ዘግቼ የመጣሁት ሁለተኛ ስትወጪ ለማየት አይደለም።»

«ኦኬ፣ እትዬ፤ ፕሬዠር አያድርጉብኝ» አለች የእህቴ ልጅ እየሳቀች። ያ ሳቅ የዚያ ዘመን የመጨረሻው ሳቋ ነበር።

ሊጀመር ሃያ ደቂቃ ሲቀረው የብቁነት ሠራተኛዋ ኮፍያዋን ጭና፣ ስልኳን ከዝናቡ በእጇ ከልላ መጣች። ከማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ደርሷታል። የእህቴ ልጅ ወደ አሜሪካ ከመምጣቷ በፊት በአገሯ ዩኒቨርሲቲ ተመዝግባ እንደ ነበር የሚያሳይ ሰነድ ጽሕፈት ቤቱ እጅ ገብቷል፤ ከማን እንደ መጣ ግን ደብዳቤው አይናገርም። በዚህም ምክንያት የመወዳደሪያ ዘመኗ አልቋል፤ ዛሬ መሮጥ አትችልም።

ነገሩ ለማያውቅ እንግዳ ነውና ሕጉን ላስረዳ። አንድ ተማሪ በየትኛውም የዓለም ክፍል፣ በየትኛውም ከፍተኛ ትምህርት ቤት፣ በሙሉ ጊዜ ተማሪነት ተመዝግቦ ክፍል ከገባበት ቀን ጀምሮ የሚቆጠር አምስት ዓመት አለው። መሮጥ የሚችለው በዚያ ውስጥ ብቻ ነው። ቢሠራ፣ ቢቸገር፣ ቢሰደድ ሰዓቱ አይቆምለትም። የእህቴ ልጅ ሲያትል ውስጥ ትምህርት ከጀመረችበት ቀን ቢቆጠር ገና ሁለት ዓመት ገደማ ይቀራት ነበር። ከአገር ቤቱ ምዝገባ ቢቆጠር ግን ሰዓቷ ካለቀ ሁለት ወር አልፎት ነበር።

በአገር ቤቱ ዩኒቨርሲቲ የቆየችው አሥራ ዘጠኝ ቀን ነው። ከዚያ ግቢው በሁከት ተዘጋ፤ ተማሪው ሻንጣውን ተሸክሞ ወደየቤቱ ተመለሰ። እሷም ሁለት ዓመት ቤት ተቀምጣ ወደ እኛ መጣች። ኮሌጁ ባስሞላት ቅጽ ላይ «ከዚህ በፊት በከፍተኛ ትምህርት ቤት ተምረሻል?» የሚል ጥያቄ ነበር፤ «አልተማርሁም» ብላ መለሰች። በልቧ ያን አሥራ ዘጠኝ ቀን ትምህርት ብላው አታውቅም።

ሠራተኛዋ አንድ ጥያቄ ጠየቀች። በኋላ በየቀኑ በልቤ ስለሰማሁት ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። «ይህ ሰነድ እንዴት ማኅበሩ ጋር እንደ ደረሰ የምታውቁ አላችሁ? ከራሷ ወይም ከቤተሰቧ የተላከ ከሆነ፣ ምንም አልደበቀችም፣ ቅጹን ስትሞላ ተሳስታ ነው ብለን ልዩ ፈቃድ መጠየቅ እንችላለን። መልሱን እስከ ሰኞ ይጠብቃሉ። ከሌላ ሰው የመጣ ከሆነ ግን ዋሸች ነው የሚባለው።»

«እኔ ምንም አልላክሁም» አለች የእህቴ ልጅ። እውነቷን ነበር።

አሠልጣኙ እስክሪብቶውን ሣሩ ላይ ወረወረ። «ከተራራው ማዶ ነዋ! ከእነሱ ሌላ ማን ይፈልገዋል?»

እኔ ዝም አልሁ።

በዚያው ቅጽበት ረጅሟ ሯጭ ወደ ድንኳናችን መጣች። ሁለቱ ከመሮጣቸው በፊት ጡጫቸውን ማገጣጠም ልማዳቸው ነበር፤ ሦስት ዓመት እንዲያ አድርገዋል። ጡጫዋን ዘረጋች። የእህቴ ልጅ አየቻትና ጀርባዋን ሰጠቻት። ባለሱቋ ደግሞ በአማርኛ፣ «ዓይኗን እዩልኝ! ደፍራ መጣች እኮ! አንቺ ወረቀት ቆፋሪ!» ብላ ጮኸች። ልጅቱ ቋንቋውን ስለማታውቅ ባለሱቋን ፈገግ ብላ አየቻት። ቀጥሎ የሁላችንንም ፊት ተራ በተራ ተመለከተችና ፈገግታዋን ሰበሰበች። የዘረጋችውን እጇን ምን እንደምታደርገው ጠፍቷት ኪሷን ፈለገች፤ የሯጭ ልብስ ግን ኪስ የለውም።

የእህቴ ልጅ ቁጥሯን ፈታች። አራቱን መርፌ ቁልፎች እንድይዝላት መዳፌ ላይ አስቀመጠች። ወዲያው የማስጀመሪያው ሽጉጥ ተተኮሰ፤ ሌሎቹ ሮጡ።

አሁን ያኔ ያልተናገርሁትን እናገራለሁ። ሰነዱን የላክሁት እኔ ነኝ።

በአገር ቤት የዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር ነበርሁ። ከመስኮቱ ኋላ ተቀምጬ የተማሪ ፋይል እቀበላለሁ። የጎደለ ወረቀት ያለው ፋይል በእጄ አያልፍም። አንድ ጊዜ አንድ ወጣት የሁለት ቀን መንገድ በአውቶቡስ ተጉዞ ያመጣውን የትምህርት ማስረጃ ክብ ማህተም የለውም ብዬ መልሼበታለሁ። ልጁ ወረቀቱን ወደ ብርሃን አንሥቶ፣ ማህተሙ ምናልባት ደብዝዞ ከሆነ ብሎ ሲፈልግ አየሁት። ያን ቀን ሥራዬን በትክክል ሠርቼ ነው ቤቴ የገባሁት። የእኛ ሰው ይህን ከእኔና ከመሰሎቼ ተምሯል። ቢሮ ሲሄድ የተጠየቀውን አንድ ወረቀት ይዞ አይሄድም፤ ከክትባት ካርዱ እስከ ቀበሌ ደብዳቤው በፕላስቲክ አቃፊ ጠቅልሎ ይሄዳል። የጎደለ ያስመልሳል እንጂ የተረፈ ማንን ጎድቶ ያውቃል?

ሲያትል ከመጣሁ በኋላ በመኪና ማቆሚያ ትኬት እየቆረጥሁ ኖርሁ። የወገኖቼን የትምህርት ማስረጃ ወደ እንግሊዝኛ መተርጎም ግን የቀረልኝ ክብር ነበር። በዚያ ዓመት መጀመሪያ ማኅበሩ፣ ሁለተኛ ደረጃን በውጭ አገር የጨረሱ ሯጮች ሁሉ ማስረጃ እንደ አዲስ እንዲሟላ አዘዘ። ትርጉሙም ሯጩ ሳይነካው፣ ከተርጓሚው እጅ በታሸገ ፖስታ በቀጥታ እንዲላክ ተባለ። የእህቴ ልጅ አቃፊዋን ይዛ ሬንተን ወዳለው ቤቴ መጣች።

«ጋሼ፣ የአሥራ ሁለተኛውን ብቻ ነው የጠየቁት። ቸኩያለሁ፣ ፕራክቲስ አለኝ። እርስዎ አውጥተው ይላኩልኝ፣ እሺ?»

«እሺ፤ ሂጂ» አልኋት።

ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቷ ኋላ፣ እሷ ራሷ መኖሩን የረሳችው አንድ ቢጫ ወረቀት አገኘሁ። የዩኒቨርሲቲው የምዝገባ ማረጋገጫ ነው፤ የማደሪያ ቁጥሯ ሳይቀር ተጽፎበታል፤ ማህተሙ ጥርት ብሎ ይታያል። እንዲህ ያለ ማህተም ካየሁ ዘመን ሆኖኝ ነበር። ሁለቱንም ተርጉሜ፣ ሁለቱንም ፈርሜ፣ በአንድ ፖስታ አሸግሁ። ፋይል ሙሉ ሲሆን ነው የሚከበረው የሚለው የቆየ ልማዴ አንዱ ምክንያት ነበር። ሌላውን ለመናገር ዓመታት ፈጅቶብኛል፤ ኩራት ነበር። የእህቴ ልጅ እግር ብቻ እንዳልሆነች፣ ዩኒቨርሲቲ የገባችው በእነሱ ችሮታ ሳይሆን ገና በአገሯ በራሷ ውጤት እንደ ነበር እነዚያ የማላውቃቸው ሰዎች እንዲያዩልኝ ፈለግሁ። የማኅበራቸውን ሕግ አንድ ገጽ አላነበብሁም ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ሰዎችን ሕግ አላነበባችሁም እያልሁ የመለስሁ ሰው ነኝ።

ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ግን አነበብሁ። ክረምቱን በሙሉ የከተማው ቤተ መጻሕፍት ሦስተኛ ፎቅ ተቀምጬ የኮሌጅ ስፖርትን ታሪክ አነበብሁ። በቀደመው ዘመን ኮሌጆች ክፍል ገብቶ የማያውቅ ጉልበተኛ ቀጥረው ያጫውቱ ነበር። ዛሬ በአንዱ ኮሌጅ ስም የተጫወተው በሚቀጥለው ወር በሌላ ስም ለሌላው ይሰለፋል። ባላንጣነቱ በጠነከረበት ቦታ ሁሉ ማጭበርበሩም ይጠነክራል። ስለዚህ ተሰብስበው ሕግ አወጡ፤ ተጫዋቹ እውነተኛ ተማሪ ይሁን፣ ዘመኑም ይቆጠር አሉ። ሕጉን እየረገምሁ ማንበብ ጀምሬ እያከበርሁት ጨረስሁ። እኔ ብጽፈው እንዲሁ በጻፍሁት ነበር። ጭንቀቴም ይኸው ሆነ። ሕጉ እውነት ነው፤ ቢጫው ወረቀትም እውነት ነው። ማስገባቴ ጥፋት ነበር ወይስ አልነበረም? እስከ ዛሬ አልወሰንሁም። በድንኳኑ ሥር ዝም ማለቴን ግን መወሰን አያስፈልገውም።

ሰኞ ሄጄ ነበር። ከሬንተን በአውቶቡስ፣ ከዚያ በባቡር፣ ካራቫቴን አስሬ። የብቁነት ሠራተኛዋ ቢሮ በር መስታወት ነው፤ ጠረጴዛዋ ላይ አጎንብሳ ስትጽፍ አያታለሁ። የምናገረውን በእንግሊዝኛ ጽፌ ይዣለሁ፤ አምስት ዓረፍተ ነገር ነው። በዚያ በር ፊት ቆሜ ያሰብሁት ስለ እህቴ ልጅ አልነበረም። ሠራተኛዋ ቅዳሜ ለምን ዝም አልህ ብትለኝ የምመልሰውን ነበር የማስበው። ለዚያ ዓረፍተ ነገር አልጻፍሁም። ተመልሼ ባቡሩን ያዝሁ። ለባለቤቴ ሐኪም ቤት ነበርሁ አልኋት፤ እሷም ምን አሉህ ሳትለኝ ቀረች።

ልዩ ፈቃድ ሳይጠየቅ ቀኑ አለፈ። ኮሌጁ የምትማርበትን የሚከፍልላት ስለ ሯጭነቷ ነበርና ከዚያ ተርም በኋላ ትምህርቷን አቋረጠች። ነርስ ለመሆን አንድ ዓመት እንኳ አልቀራትም ነበር። በአውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ባለ ሆቴል አልጋ ታነጥፍ ጀመር፤ ዛሬም ከሆቴል አልወጣችም። ከዚያ በኋላ ለዓመታት ስትሮጥ ያያት አልነበረም።

በሱቁ፣ በሰርጉ፣ በለቅሶው ታሪኩ ተነገረ። ከተራራው ማዶ ያሉት ሰው ልከው አስቆፍረው ነው፤ ረጅሟ በሩጫ ስላልቻለቻት በወረቀት ጣለቻት። ታክሲ ነጂው ለማያውቀው ተሳፋሪ ሁሉ ይተርከው ነበር። በተነገረበት ቦታ ሁሉ እኔ አለሁ። «መምህር ምስክር ናቸው» ይላሉ፤ እኔ አንገቴን ዝቅ አደርጋለሁ፤ እነሱም ኀዘን ነው ይላሉ። የእህቴ ልጅ በሚያስፈራ እርጋታ፣ «ያቺ ልጅ ዓይኔ ውስጥ እያየች እኮ ነው እጇን የዘረጋችልኝ» ትለኝ ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ስትል ሰማኋት። ባለቤቴ በአምስተኛው ዓመት ስትሞትም አልነገርኋትም። ያን ሰኞ ግን ሐኪም ቤት እንዳልነበርሁ ታውቅ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ከዚያ ማኅበሩ ፈረሰ። ኮሌጆች የተሻለ ጥቅም ወዳለበት ሌላ ማኅበር እየተበታተኑ ነው፤ በመላው አገሪቱ የዘመናት ባላንጣዎች ያለ ስንብት ተለያይተዋል። ቃጭሉም ማን ጋር እንደ ቀረ የሚያውቅ አላገኘሁም። ጽሕፈት ቤቱ ሲዘጋ የእያንዳንዱ ሯጭ ፋይል ለባለቤቱ እንደሚላክ ደብዳቤ ጻፈ። የእህቴ ልጅ ደብዳቤውን ይዛ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ቤቴ መጣች። ዓመታት ያላየሁት ብርሃን ፊቷ ላይ ነበር።

«ጋሼ፣ በዚህ ሳምንት ይደርሳል! ሶ፣ አሁን ማን እንደ ላከው በስሙ አየዋለሁ።»

ፖስታው ባይመጣ ኖሮ እናገር ነበር ወይ? ለአንባቢዬ አዎን ብዬ መጻፍ በተመኘሁ። አላውቅም።

«የኔን ስም ነው የምታገኚው» አልኋት።

ቀልድ መስሏት ጠበቀች። እኔ ቀልድ እንደማላውቅ ትዝ ሲላት ተቀመጠች። ሁሉንም ነገርኋት፤ ቢጫውን ወረቀት፣ ማህተሙን፣ ኩራቴን፣ ሰኞን። ከሬንተኑ የአውሮፕላን ፋብሪካ ማኮብኮቢያ አንድ አዲስ አውሮፕላን ተነሥቶ በቤቱ ላይ አለፈ።

«ሰኞ ሄደው ነበር?»

«እስከ በሩ።»

«ከበሩ እስከ ጠረጴዛዋ ምን ያህል ይሆናል?»

መለስሁላት፤ ለካ ቆጥሬው ኖሯል። «ሰባት እርምጃ።»

«ሰባት እርምጃ» አለች። ርቀትን ዕድሜዋን ሙሉ የለካች ልጅ ነችና፣ አንድ ጊዜ ዓይኗን ጨፍና የሮጠችው መሰለኝ። «ያስከፋኝ ወረቀቱ አይደለም፣ ጋሼ። ወረቀቱን እኔም ልልከው እችል ነበር። ያቺን ልጅ ግን ስድስት ዓመት ጠላኋት። ስጠላት እያዩኝ ሻይ ቀዱልኝ።»

አራቱን መርፌ ቁልፎች ከመሳቢያ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርሁላት። አልነካቻቸውም። ጫማዋን አሰረች፤ ሯጭ እንደሚያስረው በድርብ። በሩን በቀስታ ዘግታ ወጣች። በኀይል ብትዘጋው ይሻለኝ ነበር።

አሁን ስድስት ወር ሆነ። ለበዓል አጭር መልእክት ትልክልኛለች፤ «እንኳን አደረሰዎ» ይላል፣ ሌላ ነገር የለውም። ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ ጠዋት ወደ ሐይቁ ዳር ወጥቼ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሳለሁ ሁለት ሴቶች ከሩቅ እየሮጡ መጡ። አንዷ ረጅም ነበረች። ከተራራው ማዶ የነበረችው ልጅ እዚህ ከተማ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሯጮችን ታሠለጥናለች ሲባል ሰምቼ ነበር። የእህቴ ልጅ ፈልጋ አግኝታታለች ማለት ነው። እንደ ቀድሞው አይፈጥኑም። ጎን ለጎን ሆነው፣ እያወሩ ነበር የሚሮጡት። በፊቴ ሲያልፉ የእህቴ ልጅ አየችኝ፤ ራሷን በትንሹ ነቀነቀችልኝ፤ እርምጃዋን ግን አልቀነሰችም። ረጅሟ ደግሞ ማንነቴን ሳታውቅ፣ ለማንኛውም ሽማግሌ እንደሚደረገው፣ እጇን አንሥታ ሰላም አለችኝ።

ቃለ ጉባኤው ይዘጋ። አሠልጣኙ ወደ ሌላ ክፍለ ግዛት ሄዷል። የብቁነት ሠራተኛዋ ሥራዋን ለቅቃለች፤ ወዴት እንደ ሄደች አላውቅም። ባለሱቋ ሱቋን ዘግታ ዴንቨር ልጇ ጋር ገብታለች። ታክሲ ነጂው ቴክሳስ ነው፤ ታሪኩን አሁንም በድሮው መልኩ እንደሚተርከው እገምታለሁ፤ ደውዬ አላረምሁትም። ባለቤቴ በሬንተን መካነ መቃብር ናት። በድንኳኑ ሥር ስምንት ነበርን። በዚህ ከተማ የቀረነው ሦስት ነን፤ ከሦስቱ የሚነጋገሩት ሁለት ናቸው።